ትግላችን ከማን ጋር ነው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሁለት ወንድማማቾችን ለማስታረቅ ከተቀመጡት ሽማግሌዎች መካከል እኔም አንዱ ነበርኩ። የጠባቸው ምክንያት አባታቸው ትተውት ያለፉት አንድ ቤት ነው። ሁለቱም ጌታን የሚያውቁ፣ በየአጥቢያቸው የሚያገለግሉ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን ለአራት ዓመታት ተነጋግረው አያውቁም ነበር። እናታቸው በዓል በመጣ ቁጥር ሁለት ጊዜ ቡና ያፈላሉ። አንዱ ልጃቸው ጠዋት ይመጣል፤ ሌላው ደግሞ ወንድሙ መሄዱን አረጋግጦ ከሰዓት በኋላ ይመጣል።

ነገሩን እንዲያስረዱ ዕድል ሲሰጣቸው ታናሽየው «እኔ የምታገለው ለመብቴ ነው» አለ። ታላቅየው ደግሞ «እኔ የምታገለው ለእውነት ነው» ሲል መለሰ። ሁለቱም ስለ ጉዳዩ ጾመውና ጸልየው እንደ ነበር ነገሩን። የዋሸ ሰው አልነበረም። በእርግጥም እየታገሉ ነበር፤ ትግሉም እንቅልፋቸውን ነስቶ፣ ገንዘባቸውን ጨርሶ፣ ፊታቸውን አጥቁሮት ይታይ ነበር። በዚያ ቀን ወደ ቤቴ የተመለስኩት እርቅ አይቼ ሳይሆን አንድ ጥያቄ ይዤ ነው። ሰው ይህን ያህል የሚታገለው በእርግጥ ከማን ጋር ነው?

ውድ አንባቢ ሆይ፣ መታገል የሰው ልጅ ኑሮ ክፍል መሆኑን ለማወቅ መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልግም። ሕፃን ልጅ ቆሞ ለመሄድ ይታገላል። ገበሬው ከአረምና ከድርቅ ጋር፣ በሽተኛው ከሕመሙ ጋር፣ በዓረብ አገር ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራው እህታችን ከናፍቆትና ከድካም ጋር ትታገላለች። ስለዚህ ጥያቄው «ልታገል ወይስ አልታገል?» የሚል አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ከማን ጋር፣ ለምንና በምን እንደምንታገል ነው። ለዚህም ስሙ ራሱ ከትግል የመጣለትን አንድ ሰው፣ ያዕቆብን እንከተላለን።

ትግል፣ ተጋድሎና መገዳደል

አስቀድመን በቋንቋችን ያሉትን ቃላት እንመልከት። «ታገለ» ስንል መጀመሪያ የሚታየን በመስክ ላይ ሁለት ልጆች ወገብ ለወገብ ተያይዘው አንዱ ሌላውን ለመጣል ሲጣጣሩ ነው። ከዚህ ተነሥተን «ከኑሮ ጋር ትግል ይዣለሁ» እንላለን። በሌላ በኩል በአገራችን ከ1966 ዓ.ም. አብዮት ወዲህ ቃሉ ሌላ ክብደት ይዟል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በከተሞቻችን የወደቁት ወጣቶች በተለያየ ድርጅት ውስጥ ሆነው እርስ በርሳቸው «ጠላት» ይባባሉ ነበር። ሆኖም ሁሉም የሚያደርጉትን የሚጠሩት በአንድ ስም ነው፤ «ትግል» ይሉት ነበር። ልጃቸውን በዚያ ዘመን ያጡ እናቶች ይህን ቃል ሲሰሙ ዛሬም ቢሆን እንደ ሌላው ሰው አይሰሙትም።

ከፍ ያለ ቃል ስንፈልግ ደግሞ «ተጋድሎ» እንላለን። የቅዱሳንን ሕይወት የሚተርኩት የጥንት የግዕዝ መጻሕፍት «ገድል» የሚባሉትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሰው ከራሱ ምኞት፣ ከፈተናና ከመከራ ጋር ያደረገውን ትግል ስለሚናገሩ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። «ተጋደለ» እና «ተገዳደለ» በሚሉት ቃላት መካከል ያለው ልዩነት ምን ያህል ትንሽ ነው! አንዱ ሰውን ወደ ክብር ያደርሳል፤ ሌላው ወደ መቃብር። በቃል ይህን ያህል ከተቀራረቡ በሕይወትም ተቀራርበው ቢገኙ አያስደንቅም። ተጋድሎ የጀመረ ሰው ሳያውቀው መገዳደል ውስጥ ራሱን ሊያገኝ ይችላል። ያዕቆብም በዚህ ድንበር ላይ የቆመ ሰው ነበር።

ተረከዝ ይዞ የተወለደው ሰው

የያዕቆብ ትግል የጀመረው ገና ሳይወለድ ነው። ርብቃ በማኅፀኗ መንታ ልጆች ሲገፋፉ ተሰማት፤ ጭንቀቷም ስለ በዛ እግዚአብሔርን ለመጠየቅ ሄደች (ዘፍ. 25፥22-26)። ሲወለዱም ዔሳው ቀድሞ ወጣ፤ ያዕቆብ ደግሞ የወንድሙን ተረከዝ ይዞ ተከተለው። በዕብራይስጥ ስሙ ከዚሁ «ተረከዝ» ከሚለው ቃል ጋር የተያያዘ ነው። ወንድሙን ቀድሞ መውጣት ያቃተው ልጅ ቢያንስ እንዳይሄድበት ያዘው።

ይህ መያዝ አላቆመም። ወንድሙ ከአደን ደክሞና ተርቦ በመጣበት ሰዓት በአንድ ሳህን ምስር ወጥ ብኵርናውን ገዛው። ቆይቶም አባታቸው ይስሐቅ አርጅቶ ዓይኑ በፈዘዘ ጊዜ የዔሳውን ልብስ ለብሶ፣ በእጁና በአንገቱ ላይ የፍየል ጠቦት ቆዳ አድርጎ ገባ። አባትየው ማን እንደ ሆነ ሲጠይቀው ዔሳው እንደ ሆነ ተናገረ (ዘፍ. 27)። የፈለገው ነገር መጥፎ አልነበረም፤ የፈለገው በረከት ነው። መንገዱ ግን አገራችን ሰው «የትም ፍጪው ዱቄቱን አምጪው» የሚለው ዓይነት ነበር።

የዚህ ሁሉ ሥር የት እንዳለ መጽሐፍ ቅዱስ በአንዲት አጭር ቃል ጠቁሞን ያልፋል። ይስሐቅ ዔሳውን ይወድ ነበር፤ ርብቃ ደግሞ ያዕቆብን ትወድ ነበር (ዘፍ. 25፥28)። አባቱ ሌላውን እንደሚወድ እያየ ያደገ ልጅ የአባቱን እጅ በራሱ ላይ ለማግኘት የወንድሙን ልብስ መልበስ አስፈለገው። ያዕቆብ ወንድሙን ሲታገል የኖረው በእርግጥ ከወንድሙ ጋር ጠብ ስለ ነበረው ነውን? ወይስ «እኔ በራሴ ስም ብቀርብ ማን ይባርከኛል?» ከሚል ስጋት ጋር ነበር የሚታገለው?

ውጤቱን እናውቃለን። ዔሳው ሊገድለው ስላሰበ ከቤርሳቤህ ወደ ካራን ሸሸ። በዚያም አታላዩ ከእርሱ የባሰ አታላይ ገጠመው። አጎቱ ላባ ስለ ራሔል ሰባት ዓመት ካሠራው በኋላ በሌሊት ልያን ሰጠው፤ ሌላ ሰባት ዓመትም ጨመረበት። በላባ ቤት በጠቅላላው 20 ዓመት ሠራ። ራሱ እንደ ተናገረው ደመወዙ አሥር ጊዜ ተለዋወጠበት (ዘፍ. 31፥41)። ያዕቆብ በዚያ ሁሉ ዓመት ታገለ፤ ሀብትም ልጆችም አገኘ። ነገር ግን ከወንድሙ ጋር ያለው ነገር ሳይፈታ ተቀምጦ ይጠብቀው ነበር።

የያቦቅ ወንዝ ሌሊት

ያዕቆብ ወደ አገሩ ሲመለስ ዔሳው 400 ሰዎች አስከትሎ ሊቀበለው እየመጣ መሆኑን ሰማ። እጅግም ፈራ። ሰዎቹንና ከብቶቹን በሁለት ከፈለ፤ አንዱ ክፍል ቢመታ ሌላው እንዲያመልጥ ነው። ከዚያም እጅ መንሻ አዘጋጀ፤ ፍየሎች፣ በጎች፣ ግመሎች፣ ላሞች፣ በሬዎችና አህዮች ተደምረው 550 ይሆናሉ፤ የግመሎቹ ግልገሎች በዚህ ቍጥር ውስጥ አልገቡም (ዘፍ. 32፥14-15)። ይህ ሁሉ የለመደው ያዕቆብ ነው። ያሰላል፣ ይከፋፍላል፣ ይደልላል። ጸሎትም ጸልዮአል፤ ሆኖም ከጸለየ በኋላም ከስሌቱ አላረፈም።

በሌሊት ቤተሰቡን ሁሉ ያቦቅ የሚባለውን ወንዝ አሻገራቸው። ይህ ወንዝ ዛሬ ዛርቃ ተብሎ ይጠራል፤ በዮርዳኖስ አገር አልፎ ወደ ዮርዳኖስ ወንዝ ይገባል። ያዕቆብ ግን ብቻውን ቀረ። ያኔ አንድ ሰው እስከ ንጋት ድረስ ይታገለው ጀመር። ዕብራይስጡ እዚህ ላይ በድምፅ የሚመሳሰሉ ሦስት ቃላት ያቀራርባል። ሰውዬው ያዕቆብ፣ ወንዙ ያቦቅ፣ ታገለው የሚለውም ቃል «ዬአቤቅ» ነው። ይህ የመታገል ቃል በብሉይ ኪዳን ውስጥ ከዚህ ታሪክ በቀር በሌላ ቦታ አይገኝም። ብዙ ሊቃውንት «ትቢያ» ከሚለው ቃል ጋር ያገናኙታል፤ በትቢያ ላይ እየተንከባለሉ መታገልን ያሳያል።

እስቲ ይህን ሌሊት በጥሞና እንመልከተው። ያዕቆብ እስከዚያ ቀን ድረስ የታገላቸው ሰዎች ሁሉ በአንድ ነገር ከእርሱ ያንሱ ነበር። ወንድሙ በረሃብ ተይዞ ነበር፤ አባቱ ዓይኑ ፈዝዞ ነበር፤ ላባንም በመንጋው ብልጫ አሸነፈው። አሁን ግን በጨለማ፣ ያለ ልብስ ቅያሬ፣ ያለ እናት ምክርና ያለ እጅ መንሻ፣ ሊያታልለው ከማይችለው ጋር ተያያዘ። ያም ሰው የዳሌውን መጋጠሚያ ቢነካው ተለያየበት። ጎህ ሲቀድ እንዲለቀው ሲጠይቀው ያዕቆብ ካልባረከው እንደማይለቀው ተናገረ። ነቢዩ ሆሴዕ ስለዚያ ሌሊት ሲጽፍ ያዕቆብ አልቅሶ እንደ ለመነ ይነግረናል (ሆሴ. 12፥4-5)። «አሸነፈ» የተባለው ሰው ድሉን ያገኘው እያለቀሰና እየለመነ ነበር።

ከዚያም ጥያቄው መጣ። ስሙን ጠየቀው። ይህ ጥያቄ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ቀርቦለት ነበር፤ በአባቱ ፊት በረከት ሊቀበል በቆመ ጊዜ። ያን ጊዜ የሰጠው መልስ የወንድሙን ስም ነበር። አሁን ግን «ያዕቆብ» አለ። ተረከዝ ያዡ፣ አታላዩ እኔ ነኝ እንደ ማለት ነው። በራሱ ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀረበ፤ በራሱ ስም ሲቀርብም አዲስ ስም ተሰጠው፤ ተባረከም። ከ20 ዓመት በላይ ወንድሙን ያስታገለው ስጋት በዚያች ሌሊት መልስ አገኘ። እንግዲህ እውነተኛው ትግሉ ይህ ነበር። የቀሩት ሁሉ ይህን ሽሽት ነበሩ።

እያነከሰ የወጣው አሸናፊ

ፀሐይ ስትወጣ ያዕቆብ ጵኒኤልን አልፎ ይሄድ ነበር፤ ያነክስም ነበር። እንግዲህ ይህ ምን ዓይነት ድል ነው? እኛ አሸናፊ ስንል ደረቱን ነፍቶ የሚራመድ ሰው ይታየናል። አይሁድ እስከ ዛሬ ድረስ የእንስሳውን የጭን ጅማት አውጥተው የሚጥሉት ይህን ሌሊት በማሰብ ነው። ከገበታቸው ላይ ሳይቀር የሚታወሰው የአባታቸው ቁስል ነው።

ስለ ማንከስ ካነሣን የአገራችንን ልጅ የሻምበል አበበ ቢቂላን ሕይወት ማስታወስ ተገቢ ነው። ዓለም የሚያውቀው እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ በ1964 ደግሞ ቶኪዮ ላይ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ማራቶን አሸንፎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 በደረሰበት የመኪና አደጋ ግን እግሮቹ መራመድ አቃታቸው። ለሕክምና ወደ እንግሊዝ አገር ወደ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወሰደ። በ1970 በዚያ በሚደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሳተፈ። በሮም ጎዳና ላይ ከአጠገቡ የሚሮጥ ተፎካካሪ ነበረው። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ግን ከእርሱ ጋር የሚሮጥ አልነበረም። ትግሉ ግን አልቀለለም። ቀድሞ የሚበልጠው ሰው ፈልጎ ለሮጠ ሰው፣ የሚበልጠው ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ ተስፋ አለመቁረጥ ከማራቶን አያንስም።

ወደ ያዕቆብ እንመለስ። ከዚያ ሌሊት በኋላ ያደረገው ነገር የትግሉን ትርጉም ይገልጥልናል። ቀደም ሲል ከብቱንና ሰዉን ሁሉ ወደፊት ልኮ እርሱ ከኋላ ቀርቶ ነበር። አሁን ግን ከሁሉ ቀድሞ ወጣ፤ እያነከሰም ወደ ወንድሙ እስኪደርስ ድረስ ሰባት ጊዜ ወደ ምድር ሰገደ። ዔሳው ደግሞ ሮጦ አቀፈው፣ ሳመውም፤ ሁለቱም አለቀሱ (ዘፍ. 33፥3-4)። ያዕቆብም የወንድሙን ፊት ማየቱን የእግዚአብሔርን ፊት እንደ ማየት ቆጠረው። ጵኒኤል ማለት «የእግዚአብሔር ፊት» ማለት እንደ ሆነ እናስታውስ። በሌሊት ያየውን ፊት ያልሸሸ ሰው በቀን የወንድሙን ፊት ለማየት ቻለ።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን እጅ መንሻውን ሲሰጥ የተጠቀመበት ቃል ነው። ዔሳው አልፈልግም ሲለው ያዕቆብ እንዲቀበለው ግድ አለው፤ ስጦታውንም በዕብራይስጥ «በራካ» ብሎ ጠራው (ዘፍ. 33፥11)። የእኛም «በረከት» የዚሁ ቃል ዘመድ ነው። በምዕራፍ 27 ከዔሳው የተወሰደው ነገር የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው። በተንኮል የወሰደውን በረከት፣ በራሱ ስም ከተባረከ በኋላ፣ እያነከሰ ይዞ መጥቶ «በረከቴን ውሰድ» እንደ ማለት ነው። የተባረከ ሰው የወንድሙን ድርሻ ጨብጦ መያዝ አያስፈልገውም።

ታሪኩን ከሚገባው በላይ እንዳናሳምረው ግን እንጠንቀቅ። ወንድማማቾቹ ከዚያ በኋላ አብረው አልኖሩም። ዔሳው ወደ ሴይር ሄደ፤ ያዕቆብም እከተልሃለሁ ብሎ ወደ ሱኮት አቀና። ነገር ግን አባታቸው ይስሐቅ በሞተ ጊዜ ሁለቱ አብረው ቀበሩት (ዘፍ. 35፥29)። አባታቸው ሲሞት ጠብቆ ሊገድለው የማለ ሰው በአባቱ መቃብር ዳር ከወንድሙ ጋር ቆመ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ታዲያ ክፉን ዝም እንበለው?

«ይህ ለቤተሰብ ጠብ ይሆናል፤ ግፍ ሲፈጸም ግን ምን እናድርግ? እያነከስን እንስገድ?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ግፍን ዝም ማለት ትሕትና አይደለም። ነገር ግን ግፉን መታገልና ሰውዬውን ማጥፋት አንድ እንዳልሆኑ በሕይወታቸው ያሳዩ ሰዎች አሉ።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 1955 በአሜሪካ፣ አላባማ ግዛት በምትገኘው በሞንትጎመሪ ከተማ ጥቁሮች በአውቶቡስ ውስጥ በቀለማቸው ምክንያት የሚደርስባቸውን ውርደት በመቃወም አውቶቡስ መሳፈር አቆሙ። መሪ ሆኖ የተመረጠው የ26 ዓመቱ ፓስተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ነበር። በየቀኑ የማስፈራሪያ ስልክ ይደወልለት ነበር። በጥር ወር 1956 አንድ ሌሊት እንዲህ ያለ ስልክ ከተደወለለት በኋላ መተኛት አቃተው። ተነሥቶ ወደ ማድ ቤት ገባ፤ ቡና አፍልቶ ከጠረጴዛው አጠገብ ብቻውን ተቀመጠ። ትግሉን ለመተው ዳር ደርሶ እንደ ነበር፣ ፍርሃቱንም ሳይደብቅ ጮክ ብሎ ለእግዚአብሔር እንደ ነገረው፣ ከዚያም የውስጥ ብርታት እንዳገኘ በኋላ ራሱ ጽፎአል። ያ ማድ ቤት የእርሱ ያቦቅ ነበር ማለት እንችላለን።

ከሦስት ቀን በኋላ እርሱ በስብሰባ ላይ ሳለ ቤቱ በቦምብ ተመታ። ባለቤቱና ገና ሦስት ወር ያልሞላት ልጃቸው ቤት ውስጥ ነበሩ፤ ጉዳት ግን አልደረሰባቸውም። ሕዝቡ ተቆጥቶ ተሰበሰበ፤ አንዳንዶች መሣሪያ ይዘው ነበር። ኪንግ በፈራረሰው የቤቱ በረንዳ ላይ ቆሞ መሣሪያቸውን እንዲያስቀምጡና ወደ ቤታቸው እንዲመለሱ ለመናቸው። ከሦስት ሌሊት በፊት ከፍርሃቱ ጋር ታግሎ ባይሆን ኖሮ በዚያ በረንዳ ላይ ምን ሊል ይችል ነበር? ሕዝቡ ትግሉን አላቆመም። ለ381 ቀናት አውቶቡስ ሳይሳፈር በእግሩ እየሄደና በመኪና እየተዛዘለ ቆየ፤ በአውቶቡስ ውስጥ የነበረውም መለያየት በፍርድ ቤት ውሳኔ ተሻረ። ኪንግ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው መጽሐፉ እንዳስረዳው ትግሉ ያነጣጠረው በክፋቱ ላይ እንጂ ክፋቱን በሚሠሩት ሰዎች ላይ አልነበረም፤ ዓላማውም ተቃዋሚውን ማዋረድ ሳይሆን ወዳጅ ማድረግ ነበር። እርሱም ቢሆን ዋጋ ከፍሎበታል። እ.ኤ.አ. በ1968 በ39 ዓመቱ በጥይት ተገደለ።

ትግላችንን የምንፈትንባቸው ሦስት ጥያቄዎች

1. የምታገለው ከማን ጋር ነው? አገራችን ሰው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይላል። መሥሪያ ቤት አለቃው ያዋረደው ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ ሚስቱ ላይ ይጮኻል። በራሱ ሕይወት ያልረካ ወላጅ ልጁን በፈተና ውጤት ያስጨንቃል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች ትግላችን ከሥጋና ከደም ጋር እንዳልሆነ ሲጽፍ የተጠቀመው በዚያ ዘመን ለስፖርት ትግል የሚነገረውን ቃል ነው (ኤፌ. 6፥12)። እኛ ግን ይህን ክፍል በቃላችን እየጠቀስን በተቃራኒው የምንሠራበት ጊዜ አለ። «መንፈሳዊ ውጊያ» በሚል ስም አማትን፣ ጎረቤትን፣ ወይም በአጥቢያ ውስጥ ሐሳባችንን ያልደገፈውን አገልጋይ ጠላት አድርገን «ይውደቅልኝ» ብለን የጸለይን ስንቶች ነን? ያ ጸሎት ጳውሎስ አይደለም ካለው ከሥጋና ከደም ጋር የሚደረግ ትግል ነው። ጳውሎስ ስለ ራሱ ሲናገር ነፋስን እንደሚጎስም እንደማይጋደል፣ የራሱን ሥጋ ግን እንደሚጎስም ጽፎአል (1ቆሮ. 9፥26-27)። የቆሮንቶስ ሰዎች ይህን በደንብ ይረዱት ነበር፤ በከተማቸው አጠገብ በኢስትምያ በየሁለት ዓመቱ ታላቅ የስፖርት ጨዋታ ይደረግ ነበርና።

2. ብረታ ወንድሜ የት ይሆናል? ይህ የትግላችንን ዓላማ የሚገልጥ ጥያቄ ነው። ድሌን ሳስብ ወንድሜ በገበታው ዙሪያ ተቀምጦ ይታየኛል ወይስ ቦታው ባዶ ነው? ቦታው ባዶ ሆኖ ደስ ካለኝ ተጋድሎዬ ወደ መገዳደል ተሻግሮአል። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ የተደረገውና በፕሪቶሪያ ስምምነት እንዲቆም የተወሰነው ጦርነት ያስተማረን አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው። በየወገኑ «አሸናፊ» የተባለ ሁሉ ሲመለስ ያገኘው ልጁን የቀበረ ቤተሰብ ነው። ከዚያ በኋላም በሌሎች የአገራችን ክፍሎች ደም መፍሰሱ አልተቋረጠም። በዚያ ሁሉ ውስጥ በየቤተ ክርስቲያኑ ለድል የጸለዩ አማኞች በየወገኑ ነበሩ። ስለ እርቅ የጸለየው ማን ነበር? ይህን እያንዳንዳችን ራሳችንን እንጠይቅ።

3. የምታገለው በምን ነው? ያዕቆብ በረከትን በውሸት ፈለገ፤ ውሸቱም ተመልሶ በላባ እጅ አገኘው። ቆይቶም የራሱ ልጆች የዮሴፍን ልብስ በፍየል ደም ነክረው አታለሉት። በፍየል ቆዳ አባቱን ያታለለ ሰው በፍየል ደም ተታለለ። የታገልንበት መሣሪያ ከትግሉ በኋላም በቤታችን ይቀራል። ልጆቻችንም ያነሡታል።

ከሁሉ በፊት የሚደረገው ትግል

በመጨረሻ ወደ ሁለቱ ወንድማማቾች ልመልሳችሁ። ለሦስተኛ ጊዜ በተቀመጥን ቀን ከሽማግሌዎቹ መካከል በዕድሜ የገፉት አባት የቤቱን ካርታ ወደ ጎን አደረጉና ታላቅየውን «ልጄ፣ ቤቱ ዛሬ ለአንተ ቢሰጥ እንቅልፍ ይወስድሃል?» ብለው ጠየቁት። ለብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም ዓይኑን ሳያነሣ «አባባ የሚወዱት እሱን ነበር» አለ። ስለ ቤቱ አንድ ቃል አልጨመረም። ታናሽየው ቀና ብሎ አየው። «እኔን ደግሞ ዕድሜ ልኬን ‹እንደ ወንድምህ ሁን› ነበር የሚሉኝ» አለ።

አራት ዓመት የተካሄደው ትግል ስለ ቤት አልነበረም። ሁለት ልጆች ከሞተ አባት በረከት እየጠየቁ ነበር፤ መልስ ሊሰጣቸው የሚችለው አባት ስለሌለ እርስ በርስ ተያያዙ። በዚያ ቀን አልተቃቀፉም፤ የቤቱም ጉዳይ ያለቀው ከብዙ ወራት በኋላ ነው፤ ሁለቱም ከጠየቁት ያነሰ ደረሳቸው። ሆኖም በቀጣዩ በዓል እናታቸው ቡና ያፈሉት አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑን ሰማን።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ ምናልባት አንተም ወይም አንቺ በዚህ ሰዓት ከአንድ ሰው ጋር ትግል ይዛችሁ ይሆናል። ፍትሕ የሚያስፈልገው ጉዳይ ከሆነ በእውነት መንገድ ተከታተሉት፤ ተዉት አንላችሁም። ነገር ግን ዔሳውን ከመግጠማችሁ በፊት አንዲት ሌሊት ለብቻችሁ ሁኑ። እጅ መንሻችሁን፣ ስሌታችሁንና የተዋሳችሁትን ልብስ ሁሉ ወንዙን አሻግሩና በራሳችሁ ስም በእግዚአብሔር ፊት ቅረቡ። ከዚያ ቦታ ምናልባት እያነከሳችሁ ትወጡ ይሆናል። ነገር ግን የምትወጡት ወደ ወንድማችሁ ነው።

የያዕቆብ አምላክ ይርዳን። ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ።